የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከፎም የሚሠራ የልጅ ጥሩር

ልጆች የተለያየ ገጸ ባሕርይ መስለው ለብሰው ማታ ቤት ለቤት የሚዞሩበት ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ነው፤ የልብስ ጥያቄ ግን ቀደም ብሎ መምጣት ይጀምራል። በዚህ እትም ስለ ጥሩር የደረሱንን ብቻ መርጠናል። የምንሰጣቸው መለኪያዎች ለ6 ዓመት ገደማ ልጅ ናቸው። ከዚያ ለሚያንስ ወይም ለሚበልጥ ልጅ የፎሙን ውፍረትና የማሰሪያውን አሠራር እንዳለ ይያዙ፤ ቁመትና ስፋቱን ብቻ ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ ካልሆንኩ ብሎ ይዞኛል። ቤት ውስጥ የፍሪጅ ካርቶን አለ። በእሱ ልሥራው ወይስ ሌላ ነገር ልግዛ? ከገዛሁስ ምን ያህል ይበቃል?
*የአንድ ልጅ እናት*

መልስ፦ ካርቶኑን አይጣሉት፤ ግን ለሙከራ ያድርጉት። ካርቶን አንዴ ከታጠፈ እጥፋቱ አይለቅም፤ ጤዛ ወይም ካፊያ ካገኘው ደግሞ ጫፉ ያብጥና ንብርብሩ ይለያያል። ልጁ ሁለት ቤት ሳያንኳኳ ክርኑ ላይ ይቀደዳል። በካርቶን ብቻ መሥራት ግድ ከሆነ በውስጡ ያሉት ሞገዶች ከላይ ወደ ታች እንዲሄዱ አድርገው ይቁረጡት። እንደዚያ ሲሆን ደረት ላይ በቀላሉ ይጠቀለላል፤ በአግድም ከቆረጡት ግን ይሰበራል እንጂ አይጠቀለልም።

ለዋናው ሥራ የሚሆነው ኢቪኤ ፎም ነው። የፍራሽ ስፖንጅ አይደለም፤ ለልጆች መጫወቻ ወለል ላይ እየተገጣጠመ የሚነጠፈው ጠንከር ያለ፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር ነው። ለደረት፣ ለጀርባና ለቅልጥም 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር፣ ለጌጥና ለጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ይግዙ። የወለል ምንጣፉ ራሱ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚሆን ለትንሽ ልጅ ደረት አይመችም፤ እጁን ወደ ጎን ገፍቶ ያቆመዋል። ለትከሻ ግን ያምራል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ6 ሚሊ ሜትር ፎም አራት ቢይዙ ከደረት እስከ ቅልጥም ይበቃል፤ ለተበላሸ ቁራጭም ይተርፋል። ስለ ክብደቱ አይጨነቁ፤ የዚህ ፎም አንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሙሉው ልብስ ከነማሰሪያው ከአንድ ኪሎ ብዙም አይርቅም።

ነጩን የዕቃ ማሸጊያ ፎም ግን ይተዉት። ማስቲሽም ሆነ የሚረጭ ቀለም ሲነካው ይሟሟል፤ ሲቆረጥም ቤቱን በፍርፋሪ ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለመለካት አንድ ደቂቃ አይቆምልኝም። በሜትር ለክቼ የቆረጥኩት ደግሞ ጠበበው። ምን ላድርግ?
*ከልጁ ጋር ትግል የያዘ አባት*

መልስ፦ ሁለቱን ችግሮች ለየብቻ እንያቸው።

ልጁ ካልቆመ በሜትር መልካቱን ይተዉትና ቅርጹን ይውሰዱ። በዕለቱ ከጥሩሩ ሥር የሚለብሰውን ወፍራም ሹራብ ያልብሱት። ከብብት እስከ ዳሌ በምግብ መጠቅለያ ስስ ፕላስቲክ ሁለት ዙር ይጠቅልሉት፤ አንገትና ፊት ፈጽሞ አይነካም። ከላይ የጨርቅ ፕላስተር በአጫጭሩ እየቆረጡ ይለጥፉ። ሳይጫኑ ይለጥፉ፤ ካጠበቁት የሚወጣው ቅርጽ የተጨመቀ ልጅ ቅርጽ ነው። በማርከር የደረቱን መሃል፣ ሁለቱን ጎኖች፣ የወገቡን መስመርና የብብቱን ዙሪያ ያስምሩ። በጎኖቹ መስመር ላይ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አጭር ጭረት ያድርጉ፤ በኋላ ቁራጭ ከቁራጭ የሚገጥመው በእነዚህ ጭረቶች ነው። ከዚያ በጀርባ በኩል በሹራቡና በፕላስቲኩ መሃል ቀጭን ካርቶን አስገብተው፣ በካርቶኑ ላይ ጫፉ ደፍጣጣ በሆነ መቀስ ይቅደዱት። ሥራው ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ አብዛኛው ልጅም እንደ ጨዋታ ያየዋል።

ያወጡትን ቅርፊት በመስመሮቹ ቆርጠው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉት። አልዘረጋ ብሎ የሚነሳ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ይሰንጥቁት፤ ልብስ ሰፊዎች ፒንስ የሚሉት ክፍተት የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ግማሹን ብቻ ወስደው ገልብጠው ደግመው ይሳሉት። ልጅ ቀጥ ብሎ ስለማይቆም ግራና ቀኙ መቼም እኩል አይወጣም።

አሁን ወደ ጥበቱ። ወፍራም ነገር ሲጠቀለል የውስጡ ዙሪያ ከውጩ ያንሳል። 6 ሚሊ ሜትር ፎም አንድ ሙሉ ዙር ሲጠቀለል የውስጡ ከውጩ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ከቆረጡት ልክ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጎድላል። በሜትር የለኩት ትክክል ሆኖ ሳለ የጠበበው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለውፍረቱ 2፣ ለመተንፈሻና ለመንቀሳቀሻ 4፣ በድምሩ 6 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩና ለአራቱ የጎን ጠርዞች ያካፍሉት። ፎሙን ከመንካትዎ በፊት መጀመሪያ ያንን የፍሪጅ ካርቶን ይቁረጡና ልጁ ላይ ይሞክሩት። እጁን ወደ ላይ ያንሳ፣ ደረቱ ላይ ያጣምር፣ ወንበር ላይ ይቀመጥ። የሚቆረቁረውን ራሱ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ የገጣጠምኩት ሁሉ በማግስቱ ተከፍቶ አገኘሁት። ማስቲሹ ጥሩ ነው ብለውኝ ነበር። ከዚያ በትኩስ ሙጫ ሞከርኩ፤ እሱም ውጭ ብርድ ላይ ሲወጣ ቀጭ እያለ ለቀቀ። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?
*ለእህቷ ልጅ የምትሠራ አክስት*

መልስ፦ ማስቲሽ የሚያሸንፈው ትዕግሥት የሌለውን ሰው ነው። ሁለቱም ፊት ይቀባል፤ ከዚያ ሳይገናኝ ይተዋል። የተቆረጠው የፎም ጠርዝ ቀዳዳ ስላለው የመጀመሪያውን ቅብ ይጠጣዋል፤ ስለዚህ ስስ አድርገው ቀብተው ሲመጥ እንደገና ይቅቡ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። በጣት ጀርባ ሲነኩት የሚሳብ ክር ካለ ገና ነው፤ ደረቅ መስሎ ጣት ካልያዘ ጊዜው ደርሷል። እርጥቡን ካገናኙት የሚተነው ፈሳሽ በመሃል ይታፈንና ሙጫው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ በማግስቱ የተከፈተብዎት በዚህ ይመስለናል። በደረቀ ጊዜ ግን አንዴ ከተነካካ አይላቀቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች፣ ቀጥሎ መሃሉን፣ ከዚያ የቀረውን ጭረት ከጭረት እያገናኙ በጣት ይቆንጥጡ። ከአንድ ጫፍ ጀምረው እየገፉ ከሄዱ መጨረሻ ላይ አንዱ ወገን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይተርፍዎታል።

ሁለተኛው ምክንያት ቢላዋው ነው። ፎም ስለትን በፍጥነት ያደነዝዛል፤ ደነዝ ስለት ደግሞ አይቆርጥም፣ ይቦጭቃል። የተቦጨቀ ጠርዝ ከጠርዝ ጋር የሚነካካው እዚህም እዚያም ብቻ ነው። ጥቂት ሜትር በቆረጡ ቁጥር የካተሩን ጫፍ ሰብረው አዲስ ያውጡ። ስለቱን ቀጥ አድርገው ይያዙና በሁለት ረጃጅም ጉተታ ይጨርሱ፤ እንደ መጋዝ ወደፊትና ወደኋላ አይበሉት። ስለቱ ካዘነበለ ስፌቱ ከላይ ገጥሞ ከታች አፉን ይከፍታል። ቀጭን ክፍተት ቢቀር የግድግዳ ስንጥቅ በሚደፈንበት አክሪሊክ ሞልተው በእርጥብ ጣት ያልሱት። ሲሊኮን አይሆንም፤ ቀለም አይዝም።

ትኩስ ሙጫ መጥፎ አይደለም፤ ግን ሲበርደው ይደርቅና ይሰባበራል፤ የኦክቶበር ማታ ደግሞ በብዙ ቦታ ብርድ ነው። ከዚህም ሌላ ለስላሳውን የፎም ገጽ በደንብ አይዝም። መጠቀም ካለብዎ ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩትና ለጌጥ ብቻ ያድርጉት። ሸክም የሚይዘውን ስፌት ለማስቲሽ ይተዉለት፤ ከውስጥ በኩልም 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጨርቅ ቁራጭ ስፌቱን ተከትለው ይለጥፉበት።

ስለ ሽታው ዋዛ የለንም። ማስቲሽ የሚሠራው መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ምድጃና ሻማ በሌለበት፣ ልጁም በሌለበት ክፍል ነው። ተራ የአቧራ ጭንብል ትነቱን አያግደውም፤ የሚያግደው የኬሚካል ትነት ማጣሪያ ያለው ብቻ ነው። ልጁ ከመልበሱ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አየር ላይ ይዋል፤ ሁለት ቀን ቢሆን እንመርጣለን። ልጅዎ ማገዝ ከፈለገ የምስማር ራስ የሚመስሉትን የፎም ክቦች መሥራቱንና ቀለም መቀባቱን ይስጡት።

ጥያቄ፦ ፎሙን ለማጠፍ የጸጉር ማድረቂያ ይበቃል?

መልስ፦ ለ2 ሚሊ ሜትሩ ጥቂት ይረዳል፤ ለ6ቱ አይበቃም። ሂት ጋን፣ ማለትም በጣም የጋለ አየር የሚነፋው የእጅ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው፣ አንድ ቦታ ሳያቆሙ፣ ገጹ ከደብዛዛ ወደ ትንሽ አንጸባራቂ እስኪለወጥ ያሙቁት። ያ ለውጥ ሲታይ የገጹ ቀዳዳዎች ተዘግተዋል ማለት ነው፤ በኋላ ቀለም አይመጥም። ከዚያ በጓንት ይዘው ከሚፈልጉት ትንሽ አብዝተው ያጥፉትና እስኪቀዘቅዝ አይልቀቁት፤ ከለቀቁት ግማሽ መንገድ ይመለሳል። ከገጹ ላይ አረፋ ከተነሳ ወይም ጠርዙ ከተሸበሸበ አቃጥለውታል። ሙቀት ማስቲሽን ስለሚያላቅቅ ማጠፉ ሁልጊዜ ከማጣበቁ ይቀድማል።

ለጌጥ የሚሆን ነገር እንጨምርልዎ። በስለት የፎሙን ሲሶ ያህል ጠልቆ የሚገባ መስመር ይቁረጡ። ለጊዜው ጸጉር የመሰለ ጭረት ነው፤ ሂት ጋኑ ሲያልፍበት ግን ሁለቱ ከንፈሮች ወደኋላ ሸሽተው ንጹህ ቦይ ይሆናል። ሁለት ብረት የተጋጠመ ለማስመሰል ከዚህ የሚሻል ዘዴ የለም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት የሠራሁት ጥሩር ልጄ በተቀመጠ ቁጥር ወደ ላይ እየተነሳ አገጩን ይመታው ነበር። ሽንት ቤት ለመሄድም እኔን መጥራት ነበረበት። ቬልክሮውም ተላቆ ቀረ።
*የሁለት ወንዶች እናት*

መልስ፦ ጥሩሩ ከወገብ በታች ወርዷል። ልጅ ሲቀመጥ ጭኑ ይነሳና የጥሩሩን የታች ጠርዝ ይገፋዋል፤ ጥሩሩ ደግሞ አንድ ወጥ ስለሆነ ወደ አገጭ ከመሄድ ሌላ መንገድ የለውም። ደረቱ እምብርት ላይ ያብቃ። ከዚያ በታች ያለው በተደራራቢ ቅርፊት ይሸፈናል። 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት አግድም ቁራጮች ይቁረጡ፤ እያንዳንዱ ከሥሩ ያለውን 2 ሴንቲ ሜትር ይሸፍን። ከጀርባቸው በሁለት የጨርቅ ጥብጣብ ያያይዟቸው፤ ቅርፊት ከቅርፊት ግን አይጣበቅ። የላይኛው ከታችኛው በላይ ሲሆን ልጁ በተቀመጠ ጊዜ የታችኛው ወደ ላይኛው ሥር ይገባል፣ ሲነሳ ተመልሶ ይወርዳል። የእውነተኞቹ ጥሩር ሠሪዎችም የመገጣጠሚያን ችግር የፈቱት በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው፤ ብረቱ የማይታጠፍበትን ቦታ በተደራራቢ የብረት ቁራጭ ሸፈኑት።

ብብቱን ከፊት በኩል ከጀርባው 3 ሴንቲ ሜትር አስፍተው ይጉረዱት፤ እጅ የሚጣመረው ወደፊት ነው። በክርንና በጉልበት መታጠፊያ ላይ ከላይም ከታችም ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ፤ ከሥር ጥቁር ሹራብና ጥቁር ሱሪ ከለበሰ ክፍተቱ አይታይም። የትከሻውን ጥሩር ከደረቱ ጋር አያጣብቁት። ከአንገት አጠገብ በጥብጣብ ይንጠልጠል፣ ክንዱ ላይ በላስቲክ ይታሰር። ያን ጊዜ እጅ ሲነሳ አብሮ ይነሳል።

ቬልክሮው የተላቀቀው ከጀርባው ያለው ማጣበቂያ ከፎም ጋር ስለማይስማማ ነው። 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቦርሳ ማንገቻ ይግዙና ቬልክሮውን እሱ ላይ በመርፌ ይስፉት። ማንገቻውን በፎሙ ላይ በተሰነጠቀ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገብተው 5 ሴንቲ ሜትሩን በማስቲሽ ይለጥፉ፤ በላዩ ላይ 5 በ8 የሆነ የፎም ቁራጭ ይድፉበት። እንደዚያ ሲሆን ጉተታው አንድ ነጥብ ላይ አያርፍም። የላስቲክ ጫፍ ብቻ ይቀባ፤ ማስቲሽ የጠጣ ላስቲክ አይለጠጥም። የቬልክሮው ሻካራ ወገን ወደ ውጭ ይዙር፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ሹራቡን ይበላዋል።

ሽንት ቤቱን በተመለከተ፦ መክፈቻው በጎን፣ ልጁ በሚቀናው እጁ በኩል ይሁን። የዘለበቱን አይነት ከመግዛትዎ በፊት ልጁ በጓንት መክፈት መቻሉን ይፈትሹ። የታችኛው ቅርፊት ደግሞ በሁለት የቬልክሮ ቁራጭ ከደረቱ ተነጥሎ የሚወልቅ ይሁን። ከቀለሙ ይልቅ ለዚህ ይጨነቁ። ያማረ ግን የማይከፈት ጥሩር ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከልጁ ላይ ወልቆ በእርስዎ እጅ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ብርማ ቀለም ቀባሁት፤ ብረት ሳይሆን ግራጫ ፕላስቲክ መሰለ። ክርን አካባቢ ደግሞ ተሰነጣጠቀ።
*ቀለም ያስመረረው አባት*

መልስ፦ ከስንጥቁ እንጀምር። ፎም ይታጠፋል፣ ቀለም ግን ያን ያህል አይለጠጥም። በመሃላቸው የሚለጠጥ ሽፋን ያስፈልጋል። የሚረጭ የጎማ ሽፋን፣ ፕላስቲ ዲፕ የሚባለው ዓይነት፣ ሦስት ስስ ቅብ ከሰጡት ይበቃል፤ ይህም ውጭ የሚሠራ ነው። እሱ ከሌለ ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥነው ሦስት አራት ጊዜ ይቀቡት፤ በየመሃሉ በደንብ ይድረቅ። ኮላው ለደረትና ለቅልጥም ይሠራል፤ ብዙ በሚታጠፍ ቦታ ግን እሱም ይሰነጠቃል። አንድ ወፍራም ቅብ ከሦስት ስስ ቅብ ጋር እኩል አይደለም፤ ወፍራሙ ከላይ ይደርቅና ከሥር ይጣበቃል።

ብረት ብረት የሚያስመስለው የጥላና የብርሃን ልዩነት ነው። ሁሉም ቦታ እኩል ብርማ ከሆነ ዓይን የሚይዘው ነገር የለም። መጀመሪያ ሁሉንም ጥቁር አክሪሊክ ይቀቡ። ሲደርቅ ብሩሹን ብርማው ውስጥ ነክረው በጨርቅ ላይ ጥርግ አድርገው፣ ምንም የቀረው እስከማይመስል ድረስ፣ ከዚያ በስሱ ያሻሹበት። ጠርዝና ጉብታ ላይ ይደጋግሙ፤ ቦዮቹ ጥቁር ይቅሩ። በመጨረሻ አንድ እጅ ጥቁር በአምስት እጅ ውሃ ቀጥኖ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት፣ ይቀባና ሳይደርቅ ይጠረጋል። ሳሙናው ውሃው ክብ ክብ ሆኖ እንዳይቀር፣ ቦዩ ውስጥ እንዲሰርግ ያደርገዋል። ምስማሮቹ ከቀለም በፊት ይሠሩ፤ ከ2 ሚሊ ሜትሩ ፎም በወረቀት መብሻ የሚወጡት ክቦች ልክ ናቸው። እውነተኛ ምስማርና የሶፋ ሚስማር ልጅ ልብስ ላይ አይገባም።

ጥያቄ፦ ፊትን የሚሸፍን የራስ ቁር ይፈልጋል። መፍቀድ አለብኝ? ሌሊት ስለሚዞሩስ ምን ልጠንቀቅ?
*የሰባት ዓመት ልጅ አባት*

መልስ፦ ፊቱ ክፍት ይሁን። ዓይንን በቀዳዳ የሚያሳይ ቁር ወደ ጎንና ወደ ታች ያለውን እይታ ይወስዳል፤ ልጅ የሚወድቀው ደግሞ ደረጃ ላይ ነው፣ መኪና የሚመጣውም ከጎን ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ቁሩን አድርጎ ቆሞ አንገቱን ሳያጎነብስ የጫማውን ጫፍ ካላየ፣ የፊት መክፈቻውን ያስፉ። ወደ ላይ የሚነሳ መከለያ ከፈለገ ለፎቶ ብቻ ይውረድ። ጆሮ ላይ ያለውም ፎም ድምፅ ስለሚያፍን በቀዳዳ ይብሱት። የአገጭ ማሰሪያው ሲሳብ የሚለቅ ቬልክሮ ይሁን እንጂ ቋጠሮ አይሁን።

ኢቪኤ ፎም ይቀልጣል፣ ይቃጠላልም። ዱባ ውስጥ የሚበራ ሻማ አጠገብ አይጠጋ፤ በራስዎ ደጅ የባትሪ መብራት ያድርጉበት። ጥሩሩ ጨለማ ቀለም ስለሆነ የመኪና መብራት የሚመልስ ብርማ ቴፕ በጠርዞቹ ላይ ይለጥፉ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ በተለይም ቅልጥሙ ላይ። የሚንቀሳቀስ ብርሃን ቶሎ ይታያል፤ ደግነቱ ይህ ቴፕ ጌጥም ይመስላል። መብራት ከገጠሙበት የባትሪ ሳጥኑ በብሎን የሚዘጋ ይሁን። ጠፍጣፋዋን የሰዓት ባትሪ ያስወግዱ፤ ልጅ ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች።

መኪና ውስጥ ጥሩሩ ይውለቅ። ከቀበቶው ሥር ያለ ወፍራም ነገር በግጭት ጊዜ ይጨመቅና ቀበቶው ልል ሆኖ ይቀራል። ጎራዴውም ከዚሁ ፎም ይሠራ፤ በውስጡ እንጨትም ቱቦም አይግባ። ትምህርት ቤት ይዞ የሚሄድ ከሆነ መሣሪያ የሚመስል ነገር ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረኝ። ምኑን ልተው?

መልስ፦ ቁሩንና ቅልጥሙን ይተዉ። ደረት፣ ሁለት ትከሻና ሁለት የክንድ ጥሩር ይበቃል። ለማስቲሹ ማናፈሻ ጊዜ ስለሌለዎ በትኩስ ሙጫና ከውስጥ በጨርቅ ፕላስተር ያያይዙት፤ ቀለሙን ትተው ከላይ ብርማ የጨርቅ ፕላስተር ይለጥፉበት። ጋሻውን ከካርቶን ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ለከርሞ ይሆነዋል?

መልስ፦ ጎኖቹን ከማጣበቅ ይልቅ ቀዳዳ በስተው በገመድ ካሰሩት ይሆናል፤ ገመዱን እያላሉ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ያሰፉታል። ሲያስቀምጡት ሆዱን በጋዜጣ ሞልተው ቆሞ ይደር፤ ዕቃ አይጫንበት፣ ሙቅ መኪና ውስጥም አይክረም። ተጨማዶ ከተገኘ የጨመደደው ቦታ በሂት ጋን ለስለስ ተደርጎ ሲሞቅ ይመለሳል፤ ቀለሙ ግን እዚያ ላይ እንደገና መነካካት ይፈልጋል።